ርካሹ ሣጥንና ውዱ ሣጥን፤ ስለ ፕላስቲክ የመርከብ ሞዴል አመራረጥ

በትርፍ ጊዜያቸው የእጅ ሥራ ከሚወዱ ተማሪዎች መካከል የመርከብ ሞዴል ለመገጣጠም የሚያስቡ አሉ። እነዚህ ሁሉ ገና ከመነሻው የሚገጥማቸው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም፤ «ያለኝን ጥቂት ገንዘብ ለትንሹና ለርካሹ ሣጥን ላውለው፤ ወይስ ቆጥቤ ትልቁንና ውዱን ልግዛ?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ወይ «ውድ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው» ወይ ደግሞ «ለጀማሪ ርካሹ ይበቃዋል» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን ምክንያታቸውን አይናገሩም።

ምክንያቱን ያላወቀ ገዢ ከሁለት ጉዳት በአንዱ ይወድቃል። ውዱን ከገዛ፤ ሥራው ከእጁ በላይ ይሆንበትና ሣጥኑን አልጋ ሥር ከትቶ ይረሳዋል። ርካሹን ከገዛ ደግሞ፤ የፋብሪካውን ጉድለት የራሱ ጉድለት አድርጎ ይቆጥርና «እኔ ለእጅ ሥራ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል። የመጀመሪያው ገንዘቡን ያጣል፤ ሁለተኛው ግን ከገንዘብ የሚበልጠውን በራስ መተማመኑን ያጣል። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ቢመስልም ሊጠና የሚገባው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ የሚገዛው መርከቡን አይደለም። የሚገዛው ሦስት ነገር ነው፤ አንደኛ በፋብሪካ አስቀድሞ የተሠራልንን ሥራ፤ ሁለተኛ ስለ እውነተኛው መርከብ የተደረገውን ምርመራ፤ ሦስተኛ ከፕላስቲክ ውጭ የሆኑትን ተጨማሪ ዕቃዎች። ገዢው ከሦስቱ የትኛው እንደሚያስፈልገው ከለየ በኋላ ዋጋው ራሱ ትክክለኛ ትርጉሙን ያገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ) የርካሹ ሣጥን አመጣጥ

ኒኮላስ ኮቭ የተባለ የሀንጋሪ ተወላጅ በ1939 ኤርፊክስ የሚባለውን ኩባንያ በእንግሊዝ አገር አቋቋመ። ኩባንያው በመጀመሪያ ይሠራ የነበረው በአየር የሚነፉ የጎማ መጫወቻዎችን ነበር። በ1952 ግን የጎልደን ሃይንድን ትንሽ ሞዴል አወጣ። ጎልደን ሃይንድ ፍራንሲስ ድሬክ ከ1577 እስከ 1580 ዓለምን የዞረባት መርከብ ናት። ሞዴሉ በዉልዎርዝ መደብሮች በ2 ሽልንግ ብቻ እንዲሸጥ ስለ ተፈለገ፤ የካርቶን ሣጥኑ ቀርቶ በፕላስቲክ ከረጢት ታሸገ፤ የከረጢቱም አፍ በወረቀት ተዘጋ። የአገጣጠሙ መመሪያም በዚያው ወረቀት ላይ ታተመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ዋጋው የተቀነሰው ከመርከቡ ላይ አልነበረም፤ ከማሸጊያው ላይ ነበር እንጂ። ርካሽ መሆን ሁልጊዜ መጥፎ መሆን እንዳልሆነ ገና ከጥንቱ ከዚህ እንረዳለን።

በ1953 ደግሞ የአሜሪካው ሬቨል ኩባንያ ሚዙሪ የተባለችውን የጦር መርከብ በ1/535 ስኬል አወጣ። በጃፓን አገር ሺዙኦካ በሚባለው ክፍለ ሀገር የሚገኙ አራት ኩባንያዎች፤ ማለትም ታሚያ፤ ሀሰጋዋ፤ አኦሺማና ፉጂሚ፤ በ1971 ተስማምተው የባሕር ኃይል መርከቦችን ተከፋፍለው ሁሉንም በ1/700 ስኬል መሥራት ጀመሩ። የእነዚህ ሞዴሎች አካል ከውኃው መስመር በላይ ያለው ብቻ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ በባሕር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ።

ለ) ስለ ስኬል

ስኬል ማለት በካርታ ትምህርት እንደምናውቀው ነው። 1/700 ማለት በሞዴሉ ላይ ያለው 1 ሳንቲም በእውነተኛው መርከብ ላይ 700 ሳንቲም፤ ማለትም 7 ሜትር ነው ማለት ነው። ያማቶ የተባለችው የጃፓን የጦር መርከብ ርዝመቷ 263 ሜትር ነበር። ስለዚህ በ1/700 ሞዴሏ 37.6 ሳንቲም፤ በ1/350 ደግሞ 75.1 ሳንቲም ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ሁሉ ነገር እጥፍ ብቻ የሚሆን ይመስለዋል። ነገር ግን በጂኦሜትሪ እንደ ተማርነው፤ ርዝመት 2 እጥፍ ሲሆን ገጽ 4 እጥፍ፤ ይዘት ደግሞ 8 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ትልቁ ሞዴል የሚፈልገው ቀለም የትንሹን 4 እጥፍ ያህል ነው። በመኝታ ክፍላችን መደርደሪያ ላይ የሚይዘውን ቦታም ማሰብ ያስፈልጋል። ትራምፔተር የተባለው የቻይና ኩባንያ ታይታኒክን በ1/200 ስኬል ከነመብራቷ አውጥቷል። ታይታኒክ 269 ሜትር ስለ ነበረች ሞዴሏ 1 ሜትር ከ34 ሳንቲም ያህል ነው። ይህን የሚያኖርበት ጠረጴዛ የሌለው ተማሪ ዋጋውን ቢችል እንኳ ምን ይጠቅመዋል?

ሌላም አለ። የ1953ቱ ሚዙሪ 1/535 የሆነችው ስኬሉ ከሌላ ሞዴል ጋር እንዲስማማ ታስቦ አይደለም። እንዲህ ያለውን ስኬል ባለሙያዎቹ የሣጥን ስኬል ይሉታል፤ መርከቡ ለሣጥኑ እንዲበቃ ተደርጎ የተቀነሰ ነው ማለታቸው ነው። አንድ ሞዴል ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጉዳት የለውም። መርከቦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መጠናቸውን ሊያነጻጽር ለሚፈልግ ግን፤ ለምሳሌ ለታሪክ ተማሪ፤ ስኬሉ አንድ ካልሆነ ንጽጽሩ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ የ1/700 ተራ ሣጥን ከሣጥን ስኬሉ ውድ ሞዴል ይልቅ ለጥናት ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል።

ሐ) ርካሹ ለምን ረከሰ?

የሞዴሉ ክፍሎች የሚሠሩት ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ በሙቀት ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት በብረት ፎርማ ውስጥ ይጨመራል፤ ሲበርድም ፎርማው ይከፈትና ክፍሎቹ ከነተያያዙበት ቅርንጫፍ ይወጣሉ። በአንድ ሣጥን ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ዋጋው ጥቂት ነው። ከባዱ ወጪ የብረት ፎርማውን መቅረጽ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፤ አንድ ሣጥን የሚረክስበት መንገድ ሁለት መሆኑን ነው። አንደኛው መንገድ ፎርማው ያረጀ ሲሆን ነው። ፋብሪካው ወጪውን ከብዙ ዓመት በፊት መልሶታል፤ ስለዚህ በትንሽ ዋጋ ቢሸጥም ያተርፋል። ነገር ግን ፎርማ እየዋለ እየደረ ሲሄድ መጋጠሚያው ይላላል፤ በመጋጠሚያውም በኩል ስስ ትርፍ ፕላስቲክ እየሾለከ በክፍሎቹ ጠርዝ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው መንገድ ፎርማው አዲስ ሆኖ ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑ እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለው ሣጥን ዝርዝር ነገር ቢጎድለውም ክፍሎቹ ንጹሕና በሚገባ የሚገጥሙ ይሆናሉ። «ርካሽ» የሚለው አንድ ቃል እነዚህን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ስለሚሸፍን ብዙ ጀማሪ ይታለላል።

ውዱ ሣጥንስ? ተራው ፎርማ የሚከፈተው ወደ ሁለት አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፤ በላይና በታች ያለውን ቅርጽ በደንብ ሲያወጣ በጎን በኩል ያለውን መስኮትና በር ግን ማውጣት ያስቸግረዋል። ይህን ለማሸነፍ ፋብሪካው ወይ የመርከቡን ግንብ በብዙ ክፍሎች ከፋፍሎ ይቀርጻል፤ ወይም በጎንም በኩል የሚከፈት ውስብስብ ፎርማ ይሠራል። ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ። በውዱ ሣጥን ላይ ከምንከፍለው አብዛኛው የሚሄደው ለዚህ ነው።

መ) የቀጭን ነገር ፈተና

ርካሹንና ውዱን ለመለየት ከሁሉ የሚሻለው መፈተኛ በመርከቡ ጠርዝ ላይ መርከበኞች እንዳይወድቁ የሚተከለው የእጅ መደገፊያ ነው። ውፍረቱ 3 ሳንቲም ነው እንበል። በ1/700 ሞዴል ላይ 0.04 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን ይገባዋል። ይህ ከራስ ጠጉር የማይወፍር ነገር ስለሆነ ተራ የፕላስቲክ ፎርማ አያወጣውም።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ፋብሪካው መደገፊያውን 0.5 ሚሊ ሜትር በሚወፍር ፕላስቲክ ቢሠራው፤ በእውነተኛው መርከብ ላይ 35 ሳንቲም የሚወፍር ብረት ሆነ ማለት ነው። መደገፊያ መሆኑ ቀርቶ የዛፍ ግንድ ይሆናል። ብዙዎቹ ርካሽ ሣጥኖች መደገፊያውን ጨርሶ የሚተዉት ስለዚህ ነው፤ መተዋቸውም ትክክል ነው።

ውዱ ሣጥን ግን በኬሚካል ተበልቶ የተቀረጸ ስስ የናስ ገጽ ይጨምራል። ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፤ በ1/700 ስኬል 7 ሳንቲም፤ በ1/350 ደግሞ 3.5 ሳንቲም ይሆናል። እንግዲህ በ1/350 ላይ ናሱ ወደ እውነቱ እጅግ ይቀርባል፤ በ1/700 ላይ ግን ውዱ ሣጥን እንኳ ከእውነቱ እጥፍ በላይ የወፈረ ነው። ገንዘብ ያሻሽላል እንጂ ፍጹም አያደርግም።

የመድፎቹም አፈሙዝ እንዲሁ ነው። የያማቶ ትልልቅ መድፎች የአፋቸው ስፋት 46 ሳንቲም ነበር፤ በ1/350 ሞዴል ላይ 1.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ርካሹ ሣጥን አፈሙዙን ድፍን አድርጎ ይተወዋል፤ ውዱ ግን ቀዳዳ ያለው የብረት አፈሙዝ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀስ ብሎ የሚቀዳ ተማሪ ይህን ልዩነት በራሱ እጅ ያጠፋዋል። የሬዲዮ ሽቦውም እንዲሁ ነው። ክፍሎቹ ከተቆረጡበት ከተረፈው የፕላስቲክ ቅርንጫፍ አንዱን ከሻማ ነበልባል በላይ፤ ሳይነካው፤ ጥቂት አሙቆ እንደ ለሰለሰ ከሻማው አርቆ ግራና ቀኝ ቢስቡት እንደ ጠጉር የቀጠነ ክር ይወጣዋል። ይህ ምንም ዋጋ የማይከፈልበት የባለሙያ ዘዴ ነው።

ሠ) ስለ መርከቡ እውነት

ሞዴል መጫወቻ ብቻ ሳይሆን ምስክርም ነው። ያማቶ ሚያዝያ 7 ቀን 1945 ወደ ኦኪናዋ ስትሄድ በአሜሪካ አውሮፕላኖች ስትሰጥም 3,000 ያህል ሰው አብሯት ጠፍቷል። በጦርነቱ ፍጻሜ ጃፓኖች ስለ እርሷ የነበሩትን አብዛኞቹን ሰነዶች አጠፉ። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ሞዴል ሠሪዎች ስለ አንዳንዱ ክፍሏ የሠሩት በግምት ነበር። ስብርባሪዋ በ1985 በባሕር ወለል ላይ ተገኘ፤ በ1999ም እንደገና ተመረመረ። በ2005 በኩሬ ከተማ የተከፈተው ሙዚየም የእርሷን የ1/10 ሞዴል፤ ማለትም 26.3 ሜትር የሚረዝም ሞዴል አቆመ። ታሚያ ከብዙ ዓመታት በፊት በ1/350 ያወጣትን ያማቶ ትቶ በ2011 እንደገና በአዲስ ፎርማ የቀረጻት ከዚህ ሁሉ ምርመራ በኋላ ነው።

ስለዚህ በአንድ ኩባንያ ስም፤ በአንድ ስኬል፤ ስለ አንዲት መርከብ የወጡ ሁለት ሣጥኖች የሁለት ዘመን ዕውቀት ናቸው። አሮጌው ፎርማ በአዲስ ሥዕል በተዋበ ሣጥን ሊሸጥ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ዕውቀት ግን የድሮው ነው። መርከቧን ለታሪክ ትምህርት ብሎ የሚሠራ ሰው ለአዲሱ ፎርማ የሚከፍለው ተጨማሪ ገንዘብ ለውበት ሳይሆን ለእውነት የተከፈለ ስለሆነ አይጸጸትበትም። የእጅ ሥራ ለመለማመድ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ልዩነት ብዙ አያሳስበውም።

ረ) ከገጣጣሚው የሚጠየቀው ሥራ

ርካሹ አሮጌ ሣጥን የሚጠይቀው ሥራ የማረም ሥራ ነው። ትርፉን ፕላስቲክ በምላጭ መግፈፍ፤ ክፍተቱን በስቱኮ መሙላት፤ ሲደርቅም በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ያስፈልጋል። ዋናውን አካል የሚሠሩት ግራና ቀኝ ግማሾች ካልተስተካከሉ እስኪደርቁ ድረስ በልብስ መቆንጠጫ መያዝ ይረዳል።

ውዱ ሣጥን የሚጠይቀው ሥራ ግን የትዕግሥት ሥራ ነው። ክፍሎቹ ይገጥማሉ፤ ነገር ግን ብዙና ጥቃቅን ናቸው። ሄለር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ያወጣው የ1/100 ቪክቶሪ ከ2,000 በላይ ክፍሎች አሉት፤ የገመዱ ሥራ ብቻውን ወራት ይወስዳል። የናሱን ገጽ በወረንጦ ይዞ ማጠፍ፤ ከእጅ ያመለጠውንም ከወለል ላይ መፈለግ የዘወትር ነገር ነው። በውድ ዋጋ የተገዛ ነገር ቀላል ሥራ የሚመስለው ካለ እጅግ ተሳስቷል።

ስለ ማጣበቂያም አንድ ቃል መጨመር ይገባል። የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ ሁለቱን ገጾች በጥቂቱ አሟሙቶ አንድ የሚያደርግ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ማፍሰስ ክፍሉን ያበላሻል። ይኸው ማጣበቂያ ናስን አይዝም፤ ለናሱ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል። ሽታቸው ለጤና ስለማይስማማ መስኮት ከፍቶ መሥራት ግዴታ ነው፤ በተለይ በአንድ ክፍል ብዙ ሆነን ለምንተኛ ተማሪዎች። በአብዛኛዎቹ ሣጥኖች ውስጥ ማጣበቂያውም ቀለሙም ስለማይገኝ፤ ትክክለኛው ዋጋ በሣጥኑ ላይ ያለው ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

ሰ) እንግዲህ የትኛውን እንግዛ?

ከላይ የተነገረውን አጠቃልለን የሚከተለውን ምክር መስጠት ይቻላል።

1. ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑትን፤ ፎርማው አዲስ የሆነውን፤ በ1/700 ያለውን ትንሽ መርከብ ይግዛ። ርካሽ ነው፤ ያልቃልም። ተሠርቶ ያለቀ ትንሽ መርከብ ካልተጀመረ ትልቅ መርከብ ይበልጣል።

2. ጀማሪ ከሁሉ አብልጦ ሊሸሸው የሚገባው ፎርማው ያረጀ፤ ትልቅና ርካሽ ሣጥን ነው። መጠኑና ዋጋው ዓይን ይስባሉ፤ ነገር ግን ልምድ ያለው እጅ የሚጠይቀው እርሱ ነው።

3. ሁለተኛና ሦስተኛ ሞዴሉን የሚሠራ ሰው አሮጌውን ፎርማ አውቆ ይግዛ። መሙላትን፤ መሞረድን፤ የጎደለውን ከራሱ ሠርቶ መጨመርን የሚያስተምረው እርሱ ነውና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

4. ውዱን ሣጥን የሚገዛ ሰው፤ መርከቡን አስቀድሞ የመረጠና ስለ እርሱ ያነበበ ይሁን። ፍላይሆክ የተባለው የቻይና ኩባንያ አንዱን መርከብ በተራና ናስ በተጨመረበት ሣጥን ለይቶ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ምርጫ ሲገኝ፤ ናስ ማጠፍ ያልተለማመደ ሰው ተራውን ቢወስድ አይጎዳም፤ ፕላስቲኩ ያው ነውና።

5. ከመግዛት በፊት የፎርማውን ዓመት መጠየቅ ይገባል። በሣጥኑ ላይ የታተመው ዓመት የሣጥኑ እንጂ የፎርማው ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው ዓመት በመርከቡ አካል ውስጠኛ ገጽ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

እኛን የሚመለከት አንድ ነገር ጨምሬ እፈጽማለሁ። ፋብሪካዎች በብዛት የሚያወጡት በዓለም ስመ ጥር የሆኑትን መርከቦች ነው። የአገራችን ባሕር ኃይል በ1962 ከአሜሪካ የተቀበላት «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ፤ ቀድሞ ኦርካ ትባል የነበረችው፤ ርዝመቷ 94.7 ሜትር ነበር። ለብዙ ዓመታት የባሕር መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆና አገልግላ በ1991 ወደ የመን ሄደች፤ በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ዛሬ እርሷን ማየት የሚቻለው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። እርሷን በሞዴል መልሶ ማቆም የሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ሣጥን ባያገኝ፤ ከፎቶግራፍና ከንድፍ እያየ አካሏን ከፕላስቲክ ሰሌዳ ቆርጦ፤ ክፍተቱን ሞልቶ፤ ምሰሶዋን ሞርዶ፤ ሽቦዋን ከሻማ ላይ ስቦ መሥራት አለበት። ይህን የእጅ ጥበብ ማንም በውድ ሣጥን ውስጥ አሽጎ አይሸጠውም። የሚገኘው ርካሹን ሣጥን በትዕግሥት ከማረም ነው።

መልመጃ፦ 1ኛ «ኢትዮጵያ» በ1/700 እና በ1/350 ስኬል ስንት ሳንቲም ትሆናለች? 2ኛ በ1/350 ሞዴሏ ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የፕላስቲክ መደገፊያ ቢደረግ በእውነተኛዋ መርከብ ላይ ስንት ሳንቲም የሚወፍር ይሆናል? 3ኛ የ1/700 ሞዴሏን ለመቀባት አንድ ብልቃጥ ቀለም ቢበቃ ለ1/350 ሞዴሏ ስንት ያስፈልጋል?

መልስ፦ 1ኛ 13.5 እና 27.1 ሳንቲም ያህል። 2ኛ 17.5 ሳንቲም። 3ኛ አራት ብልቃጥ።